መብራት ሲሄድ ማን ይመሰክራል?



ዛሬ የምጽፈው ስለ ግጥም ሳይሆን ግጥም ስለሚያድርበት ቤት ነው። ያ ቤት ዛሬ ብራናም፣ ባለመስመር ደብተርም አይደለም፤ ሃርድ ዲስክ የምንለው ዕቃ ነው። ስንኝ የሚቋጥረው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጀው፣ የልጁን የክርስትና ፎቶግራፍ የሚያኖረው ሁሉ ሀብቱን ያስቀመጠው በዚሁ ዕቃ ውስጥ ነው። ዕቃውን ስንገዛ ‹‹ስንት ጊጋ ይይዛል?›› ብለን እንጠይቃለን፤ ቀጥለንም ‹‹ዋጋው ስንት ነው?›› እንላለን። ‹‹ያስቀመጥሁትን በምን ዓይነት መዝገብ ይጠብቅልኛል?›› ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በእኔ አመለካከት ከሦስቱ ጥያቄዎች ትልቁ ይህ የመጨረሻው ነው፤ መልሱም ለጥገና ባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም። ስለምን? ቢሉ፣ ንብረቱ የባለሙያው ሳይሆን የእኛ ነውና።

ዲስክ በራሱ ዕውቀት የለውም። ቁጥር የተሰጣቸው እልፍ አእላፍ ትናንሽ ሣጥኖች የተደረደሩበት መጋዘን ነው። አንዱ ፋይል ከየትኛው ሣጥን ተነሥቶ በየትኛው እንደሚያልቅ፣ ስሙ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተጻፈ፣ የትኞቹ ሣጥኖች ባዶ እንደሆኑ የሚይዘው ሥርዐት ፋይል ሲስተም ይባላል። በመሥሪያ ቤት ልማድ እናስበው ብንል መዝገብ ቤቱ ማለት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ዶሴዎቹ ሁሉ በየመደርደሪያቸው ሳሉ ባሕር መዝገቡ ቢጠፋ ምን ይሆናል? ዶሴው አለ፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ግን የለም። በዲስክ ላይ ጠፉ ከምንላቸው ፋይሎች ብዙዎቹ የሚጠፉት እንዲሁ ነው፤ ጽሑፉ በሣጥኑ ውስጥ እያለ አድራሻው ይሰረዛል።

‹‹ፎርማት አድርግልኝ›› ስንልም በሌላ ቋንቋ ‹‹አዲስ ባሕር መዝገብ ክፈትልኝ›› ማለታችን ነው። በዚያች ቅጽበት በማያ ገጹ ላይ አንዲት ትንሽ ዝርዝር ትመጣለች፤ ፋት 32፣ ኤክስፋት፣ ኤንቲኤፍኤስ ትላለች። ከእነዚህ አንዱን የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ የሱቁ ልጅ ነው፤ ወይም ከፋብሪካ የመጣው እንዳለ ይተዋል። ለዓመታት የምናከማቸው ትዝታ ዕጣ ፈንታው በአንዲት የመዳፊት ጠቅታ ተወሰነ ማለት ነው።

ለመሆኑ ምርጫው የሚነሣው የት ላይ ነው? ዊንዶውስ ራሱ በሚቀመጥበት ክፍል ላይ ምርጫ የለንም፤ ቪስታ ከመጣበት ከ2007 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ወዲህ ዊንዶውስ የሚጫነው በኤንቲኤፍኤስ ላይ ብቻ ነው። ምርጫው ያለው ‹‹ዲ›› ብለን በምንጠራው ሁለተኛ ክፍል፣ በዩኤስቢ ገመድ በምንሰካው ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ፣ በፍላሽ፣ እንዲሁም ሊኑክስ በሚጫንበት ኮምፒዩተር ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ፎቶግራፉም፣ ቪዲዮውም፣ የቆየው ጽሑፍም በብዛት የሚከማቸው በእነዚሁ ነው። ዊንዶውስ ቢበላሽ እንደገና ይጫናል፤ የሟች እናት ድምፅ ያለበት ፋይል ግን እንደገና አይጫንም።

ከመዝገቦቹ ሁሉ አንጋፋው ፋት ነው። በ1977 በማይክሮሶፍት ውስጥ የተጀመረ፣ በፍሎፒ ዲስክ ዘመን ያደገ ሥርዐት ነው፤ ፋት 32 የተባለው ታናሹ በ1996 ተከተለ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰንጠረዥ አለው፤ በሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ ሣጥን ‹‹ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣው እገሌ ነው›› እያለ ይጠቁማል፤ ፋይሉም በዚህ ሰንሰለት ይነበባል። ከቀላልነቱ የተነሣ የማያውቀው መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል፤ ቴሌቪዥኑ፣ ካሜራው፣ የመኪናው ቴፕ፣ አሮጌው ዲቪዲ ማጫወቻ ሁሉ ያነቡታል። ይህ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው።

ነገር ግን ሁለት ጕድለቶች አሉበት። የመጀመሪያው የታወቀ ነው፤ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ ከሆነ ፋት 32 አይቀበለውም። የሠርግ ቪዲዮ በ16 ጊጋ ባዶ ፍላሽ ላይ አልገለበጥ ብሎ ‹‹ቦታ እያለ ለምን?›› ያሰኘን ብዙዎች ነን። ፍላሹ ቦታ ስላጣ አይደለም፤ የፋይሉ መጠን የሚጻፍባት የመዝገቡ ዓምድ ከዚያ የሚበልጥ ቍጥር ስለማትይዝ ነው።

ሁለተኛው ጕድለት ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ ብዙም አይወራለትም። አንድ ፋይል ሲጻፍ ቢያንስ ሦስት ቦታ መነካት አለበት፤ ይዘቱ በሣጥኖቹ፣ ሰንሰለቱ በሰንጠረዡ፣ ስሙና መጠኑ ደግሞ በፎልደሩ ዝርዝር ላይ ይጻፋል። ሦስቱ በአንድ ቅጽበት አይጻፉም፤ አንዱ ሌላውን ይከተላል። መብራቱ በመካከል ቢሄድስ? ሰንሰለቱ ተይዞ ስሙ ያልተጻፈለት ፋይል ይቀራል፤ ወይም ሁለት ፋይሎች አንዱን ሣጥን ‹‹የእኔ ነው፣ የእኔ ነው›› ይባባሉበታል። ፋት ሰንጠረዡን በሁለት ቅጂ ቢይዝም ቅጂዎቹ የሚናገሩት አሁን የተጻፈውን ነው እንጂ ሊሠራ ታስቦ የነበረውን አይደለም። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሽና ባለቤት ያጣውን ቍርጥራጭ ሁሉ ‹‹ፋይል 0000››፣ ‹‹ፋይል 0001›› እያለ ስም አልባ መቃብር ውስጥ ይከተዋል። በዚያ መቃብር ውስጥ የማን ግጥም፣ የማን ደብዳቤ እንዳለ ማን ይለየዋል?

ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የምውልበት ሥራ ይህን ችግር ከኮምፒዩተር በፊት ያውቀዋል። ከአንድ ደንበኛ ሒሳብ ወደ ሌላው 5,000 ብር ሲዛወር ሁለት ነገሮች መፈጸም አለባቸው፤ ከአንዱ ይቀነሳል፣ ለሌላው ይጨመራል። በሁለቱ መካከል ሥራው ቢቋረጥ ገንዘቡ ወይ ከሁለቱም ጠፍቷል፣ ወይ በሁለቱም ዘንድ ታይቷል። ስለዚህ የሒሳብ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዋናውን ሌጀር ከመንካታቸው በፊት የዕለቱን እንቅስቃሴ በጆርናል ላይ ይመዘግባሉ፤ ከጆርናሉ ወደ ሌጀሩ የሚተላለፈው ከዚያ በኋላ ነው። ነገ ጧት ሌጀሩ ላይ ጥርጥር ቢነሣ ጆርናሉ ይከፈታል። በሙሉ የተመዘገበው ይተላለፋል፤ ሳያልቅ የቀረው ይሰረዛል። ሒሳቡ የሚታመነው ማንም ስለማይሳሳት አይደለም፤ በመካከል ለተቋረጠው ሥራ ምስክር ስላለው ነው።

በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣው ኤንቲኤፍኤስ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቶች ነበር፤ ኤክስፒ በ2001 ሲወጣ ወደ ቤታችን ገባ። በሊኑክስ በኩል በዚያው በ2001 ኤክስት 3፣ በ2008 ደግሞ ተተኪው ኤክስት 4 ያንኑ ጠባይ ይዘው መጡ። እነዚህ መዝገቦች ባሕር መዝገቡን ከመለወጣቸው በፊት ‹‹እንዲህ ላደርግ ነው›› ብለው በጆርናላቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ያደርጉታል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር መፈተሽ ሳያስፈልጋቸው ጆርናላቸውን ብቻ ያነቡና በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ መዝገቡን ያስተካክላሉ።

እንግዲህ አቋሜ ይህ ነው፦ መብራት ሳይነግር በሚሄድበት አገር የሚኖር ሰው፣ መልሶ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ጆርናል በሌለው መዝገብ ላይ ማኖር የለበትም። ዊንዶውስ የሚጠቀም ኤንቲኤፍኤስን፣ ሊኑክስ የሚጠቀም ኤክስት 4ን ይምረጥ። ፍጥነትን የሚያስቀድሙ ‹‹ጆርናል ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው፤ ያዘገያል›› ይላሉ። እውነት ነው፤ ጥቂት ያዘገያል። እኛም በባንክ መስኮት ላይ ደረሰኝ ስንጽፍ ሰልፉ ጥቂት ይዘገያል፤ ደረሰኙ ይቅርብኝ የሚል ደንበኛ ግን አላየሁም።

‹‹ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ መብራት ቢሄድ ምን ቸገረኝ?›› የሚልም አይጠፋም። ባትሪው ላፕቶፑን ይጠብቃል። በገመድ የተሰካውን ሃርድ ዲስክ ግን ልጅ ሲሮጥ ገመዱን ቢነቅለው፣ ለዲስኩ መብራት ሄደ ማለት ነው። ባትሪም ያረጃል፤ ዕድሜ የተጫነው ባትሪ ሳያስጠነቅቅ ቀጥ ይላል።

‹‹ፋት 32 እኮ ሁሉም ቦታ ይነበባል!›› የሚለው ክርክር ከሁሉም ይጠነክራል፤ ነገር ግን ለመንገድ እንጂ ለቤት የሚሆን ክርክር አይደለም። ጐተራና ስልቻ ሁለቱም እህል ይይዛሉ፤ ስልቻው ግን ለመንገድ ነው፤ የዓመቱን ቀለብ በስልቻ ውስጥ የሚያኖር ገበሬ የለም። ለመንገድ ለሚሆነው ለፍላሹ ዛሬ የሚሻለው ኤክስፋት ነው። በ2006 ወጣ፤ የ4 ጊጋውን አጥር አፈረሰ፤ ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል፣ ይጽፉበታል። ማይክሮሶፍት በ2019 ዝርዝሩን ለሕዝብ ይፋ ካደረገ ወዲህ ሊኑክስም በራሱ ውስጥ አካትቶታል። ማክ ግን ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም፤ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሰው ይህን ይወቅ። ኤክስፋት ጆርናል የለውም። ተጨማሪ ሃርድ ዲስኮች ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ በኤክስፋት ተዘጋጅተው የሚመጡት የትም ተሰክተው እንዲሠሩ ነው፤ ያንተ ቤት መብራት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ፋብሪካው አያውቅም። ዲስኩ ከአንድ ኮምፒዩተር የማይለይ ከሆነ ገና ባዶ ሳለ መዝገቡን መለወጥ ይሻላል።

ሊኑክስን በሚመለከት ጥቂት ልጨምር፤ ዊንዶውስ 10 በጥቅምት ወር 2025 ድጋፉ ከተቋረጠ ወዲህ አሮጌ ኮምፒዩተሩን ወደ ሊኑክስ የሚያሻግር ሰው አይጠፋምና። ሊኑክስ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል፣ ይጽፍበታልም። ሆኖም ባሕር መዝገብ በገዛ ቋንቋው ሲጻፍ ነው የሚያምርበት፤ ለዘለቄታው ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ፣ ክፍሉን በኤክስት 4 አዘጋጅቶ መመለስ ይበጃል። ሁለቱን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ጐን ለጐን የሚያኖር ደግሞ የዊንዶውስን ‹‹ፋስት ስታርትአፕ›› ያጥፋ። ይህ ነገር ከበራ ዊንዶውስ የተዘጋ ሲመስል በእውነቱ አልተዘጋም፤ መዝገቡን ገልጦ ትቶ ተኝቷል። ሌላ ጸሐፊ በዚያ በተገለጠ መዝገብ ላይ ቢጽፍ ምን እንደሚከተል ለሒሳብ ሰው መንገር አያሻም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ብቻ የምትሆን አንዲት ጕዳይም አለች። ግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ በ1999 ከገባ በኋላ ፋይላችንን በገዛ ፊደላችን መሰየም ችለናል። ኤንቲኤፍኤስ ለአንድ ፋይል ስም እስከ 255 ፊደላት ይፈቅዳል። ኤክስት 4 የሚፈቅደው ግን 255 ባይት ነው። የእኛ አንድ ፊደል በሊኑክስ በተለመደው አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ ስሙ ከ85 ፊደላት መዝለል አይችልም። የግጥሙን የመጀመሪያ ሁለት ስንኞች እንዳሉ ለፋይሉ ስም የሚያደርግ ጸሐፊ፣ በዊንዶውስ በሰላም የኖረው ፋይል ወደ ሊኑክስ ሲሻገር ‹‹ስሙ ረዝሟል›› ተብሎ ሊመለስበት ይችላል። ምክሬ ስሙን ማሳጠር ነው።

አሁን ስለ ጆርናሉ ያልተነገረውን ልናገር፤ ምስክር ያላየውን አይመሰክርምና። የኤንቲኤፍኤስ ጆርናል የሚጠብቀው ባሕር መዝገቡን ነው እንጂ የፋይሉን ይዘት አይደለም። ኤክስት 4 በተለመደው አቀማመጡ ይዘቱን አስቀድሞ ወደ ቦታው ይልክና መዝገቡን ከዚያ በኋላ ያጸናል፤ ይህ ጥቂት ይሻላል። ያም ሆኖ መብራቱ ሲሄድ እየጻፍሃት የነበረችው አንቀጽ ልትቀር ትችላለች። ጆርናሉ የሚሰጥህ ተስፋ ‹‹በዚያች አንቀጽ ምክንያት መዝገብ ቤቱ አይፈርስም›› የሚል ነው።

ሁለቱም መዝገቦች በሣጥኑ ውስጥ ያለው ይዘት ሳይነካ መቆየቱን አያረጋግጡም። ዲስክ ሲያረጅ አንዲት ነቍጥ ብትለወጥ መዝገቡ ሳይሰማ ፎቶግራፉ ይበላሻል። ይህን ለመከላከል የተሠሩ አሉ፤ ሰን የተባለው ኩባንያ ሠርቶ በ2005 ለሕዝብ የለቀቀው ዜድኤፍኤስ፣ በ2009 ወደ ሊኑክስ የገባው ቢቲአርኤፍኤስም ለእያንዳንዱ ሣጥን የማረጋገጫ ቍጥር ይይዛሉ፤ ሲነበብ ቍጥሩ ካልገጠመ ይናገራሉ። በባንክ ቋንቋ ካዝናውን በየጊዜው ቈጥረው ከሌጀር ጋር ያመሳክራሉ ማለት ነው። ነገር ግን ሌላ ቅጂ ከሌለ ጕድለቱን ይነግሩሃል እንጂ አይሞሉልህም፤ አያያዛቸውም ልምድ ይጠይቃል። ለአንድ ቤተሰብ፣ ለአንድ ዲስክ፣ ለጀማሪ እጅ ኤክስት 4 ይበቃል እላለሁ።

ሌባም አለ፤ ‹‹ሰርዝ›› የምትለውን ቁልፍ የነካ የገዛ እጃችንም አለ። የእነዚህ መድኃኒት ቅጂ ነው። አንዱ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ፣ ቢቻል ደግሞ ሌላው ከቤት ውጭ በዘመድ እጅ ይኑር። አባቶቻችን መጻሕፍትን ያቈዩልን ብራናው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቅና የሚገለብጥ ሰው ስለነበረ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ዲስኩን በመዳፊት ቀኝ ቁልፍ ተጭነን ‹‹ፕሮፐርቲስ›› የሚለውን ብንከፍት በየትኛው መዝገብ እንደተዘጋጀ ተጽፎ እናገኘዋለን። ፋት 32 ከሆነ ዊንዶውስ ‹‹ኮንቨርት›› በሚባለው ትእዛዝ ፋይሎቹን ሳያጠፋ ወደ ኤንቲኤፍኤስ ይለውጠዋል፤ ቢሆንም ቅጂ ሳይያዝ አይጀመር፤ መብራት በለውጡ መካከልም ይሄዳልና። ኤክስፋት ከሆነ ግን ገልብጦ፣ ፎርማት አድርጎ መመለስ ብቻ ነው መንገዱ። ወደ ሱቅ የሚሄድም ሰው ‹‹በምን ፎርማት ታደርግልኛለህ?›› ብሎ ይጠይቅ። ይህች አንዲት ጥያቄ ገንዘብ አታስወጣም።

ከእኛ መካከል መጽሐፍ ያሳተመው ጥቂት ነው። የብዙዎቻችን ግጥም በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ የሚኖር፣ ሌላ ሰው ያላነበበው፣ ከጠፋም ጠፋ ብሎ የሚያለቅስለት የሌለው ነው። ስለዚህ ነው ነገሩን የባለሙያ ወሬ ነው ብዬ ማለፍ ያልቻልሁት። በመጨረሻም ደስ የምትል አንዲት ነገር ላካፍላችሁ፤ ኤንቲኤፍኤስ በጣም አጭር የሆነን ፋይል ወደ ሣጥኖቹ አይልከውም፤ በራሱ ባሕር መዝገብ ላይ፣ ከስሙ አጠገብ ይጽፈዋል። ከዚህ በታች ያሉት አራት ስንኞች ለብቻቸው እንደ ተራ ጽሑፍ ቢቀመጡ ከመዝገቡ ገጽ ላይ አይወጡም፤ መጋዘን ሳያሻቸው በመዝገብ ጸሐፊው ገጽ ላይ ያድራሉ።

መብራት ይሄድና ይመለሳል ማታ፤
ቃል ግን አይመለስም ካመለጠ ላፍታ፤
የሣጥኑን ስፋት ከመለካት በፊት፣
መዝገቡን ጠይቁት በጠራራው ዕለት።

ቸር ይግጠመን።